ቀለም የሚጠጣ ወረቀት

የጋሽ ላሊሞ የሕይወት ታሪክ ከሰባት ሰዓት በፊት ተተይቦና ተባዝቶ መድረስ ነበረበት። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ወደ ቱላ የሚነሳው በሰባት ሰዓት ነው፤ ቀብሩ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። የአስተዳደር ክፍላችን ጸሐፊ አቶ በዙ በእጅ የተጻፈውን ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡ ሦስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር።

"ትናንት ከሰዓት በኋላ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ አርፈዋል" አሉኝ። "ሠላሳ ኮፒ ይበቃል። ኃላፊው ፈርመውበታል፤ እንዳለ ምቺው።"

ጋሽ ላሊሞ ሁለት ሳምንት ከሚጠብቁት የግቢ በር ጠፍተው ስለነበር መታመማቸውን አውቄአለሁ። እሑድ ሄጄ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር።

"ደግሞ ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርታ 'የወረቀቷ ልጅ ታንብበው' ብለው ልከዋል። አንቺን መሆኑ ነው" አሉ አቶ በዙ፣ ከላይ እስከ ታች እያዩኝ። "ካልቻልሽ እኔ አነበዋለሁ።"

"እሺ" አልኩ። ለየትኛው እሺ እንዳልኩ ለራሴም አልገባኝም።

ስቴንስሉን ጽሕፈት መኪናው ላይ አስገብቼ መምታት ጀመርኩ። ስቴንስል ማለት በሰም የተለበጠ ስስ ወረቀት ነው፤ ፊደሉ ሰሙን ይበሳዋል፣ ማባዣው ቀለሙን በቀዳዳው አሳልፎ ወረቀት ላይ ያትማል። የትውልድ ቦታቸውን መታሁ። የልጆቻቸውን ቁጥር መታሁ። ከዚያ እዚህ ደረስኩ፦ "በማባዣ ክፍል ሲሠሩ በፈጸሙት ከባድ ስህተት ምክንያት ወደ ጥበቃ ክፍል ተዛውረው እስከ ዕለተ ሞታቸው በቅንነት አገልግለዋል።"

ዓረፍተ ነገሩን እንደታዘዝኩት መታሁት። ወደሚቀጥለው መስመር ግን ጣቴ አልሄድ አለ። ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ። መስኮቱን ከፈትኩ፤ ጋሽ ላሊሞ በዚህ ሰዓት በሐይቁ በኩል ያለው መስኮት እንደማይከፈት ስንት ጊዜ ነግረውኛል፤ መልሼ ዘጋሁት።

ስህተቱ የእኔ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በምደባ አዋሳ የደረስኩት በክረምት ነው። የተመደብኩት በዚህ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ውስጥ የጽሑፍ ዝግጅት ባለሙያ ሆኜ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ከሰላምታ በቀር ከማንም ጋር ቃል አልተለዋወጥኩም። በሁለተኛው ሳምንት ለረቂቅ የሚሆን ወረቀት ፈልጌ ወደ ማባዣው ክፍል ገባሁና ከክምሩ ላይ ጥቂት ላነሣ እጄን ዘረጋሁ።

"ታጠብሽ?" አለኝ ከማሽኑ ኋላ አንድ ድምፅ።

"ምን?"

"እጅሽን። ምሳ በልተሽ ነው የመጣሽ። ወጥ ሸተተኝ።"

ጋሽ ላሊሞ አጭር፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። መነጽራቸውን በሲባጎ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቀለም የኖሩ ሆነው ሳለ እጃቸው እንደ ሐኪም እጅ ንጹሕ ነበር። ሁለት ፎጣ ነበራቸው፤ ጥቁሩ የቀለም፣ ነጩ የወረቀት። የቀለሙን ፎጣ ለወረቀት ያነሣ ሰው ያን ቀን ከሳቸው ጋር አይነጋገርም።

ታጥቤ ተመለስኩ። እጄን እንደ ልጅ አገላብጠው አዩና ወረቀቱን ሰጡኝ።

ወረቀት የተማሩት ልጅ ሳሉ በአንድ የሚሲዮን ማተሚያ ቤት ነው። ማተሚያው ሲዘጋ ወደ እኛ መሥሪያ ቤት ገቡ። የሚጸልዩበት ቤትም ኋላ ታሽጓል። አንዳንዶቹ "ጓድ ሚሲዮን" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ ቀልዱ ግን ሁልጊዜ ቀልድ ብቻ አልነበረም። አማርኛን ከሲዳምኛ በኋላ ስለተማሩት "እርስዎ" የሚባለው ነገር አልገባላቸው ብሎ ቀርቷል፤ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም "አንተ" ነው የሚሉት። አንድ ቀን ኃላፊው ተቆጥተው "'እርስዎ' በል እንጂ!" ሲሏቸው ሰምቻለሁ። "እሺ፣ እላለሁ" አሉ ጋሽ ላሊሞ በቅንነት። "አንተ ግን ይሄን ወረቀት መሬት ላይ አታስቀምጥ።"

መሬት ለሳቸው የወረቀት ጠላት ነበር። ግድግዳም እንደዚያው። ደስጣዎቹን፣ ማለትም የወረቀት ጥቅሎቹን፣ ሁሉ በእንጨት ርብራብ ላይ አጋድመው ይደረድሯቸዋል፤ ከወለሉ አንድ ስንዝር፣ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ያርቃሉ። ደስጣ ከመጠቅለያው የሚወጣው ሊታተምበት ሲል ብቻ ነው። ነገ የሚሠራበትን ወረቀት ዛሬ ከመጋዘኑ አውጥተው ማሽኑ አጠገብ ያሳድሩታል።

"ለምን?" ብዬ ጠይቄአቸው ነበር።

"ክፍሉን ይልመድ። አንቺስ ስትመጪ ሳምንት ሙሉ መቼ አወራሽ?"

ወረቀት ሲመርጡ ጠርዙን ወደ ጆሮ ያስጠጉና በአውራ ጣት ፈር ፈር ያደርጉታል። የደረቀ ወረቀት ይጮኻል፤ እርጥበት የገባው ድምፁ ይታፈናል። ከዚያ ከጥግ ቅዳጅ ወስደው ምላሳቸው ላይ ያደርጉና ያወጡታል። ምራቁ ቶሎ ከሰረገ ለማባዣ ይሆናል። ላዩ ላይ ከቆመ አይሆንም። ሁሉም ነገር ካማራቸው "ኬሬ ነው" ይላሉ። በሲዳምኛ ሰላም ነው፣ ደኅና ነው እንደ ማለት ነው። ወረቀት ሰላም ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ የሰማሁት ከሳቸው ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ያጠፋሁት። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የማያስቀምጠኝ።

በዓመቱ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ማጠቃለያ ሲደርስ፣ የንባብ መጽሐፍ እንድናዘጋጅ ታዘዝን። እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። በዚያው ሰሞን ከወዳጅ አገር የተሰጠ ወረቀት ደረሰን፤ ልሙጥ፣ ወፍራም፣ ዓይን የሚወጋ ነጭ። ኃላፊው መጠቅለያውን አስቀድደው፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው ኮሪደሩ ላይ፣ ሲሚንቶው ላይ አስደረደሩት። ዝናቡ ቀን በቀን ይጥላል።

ከዚያ ኃላፊው ጠሩኝ። "አንቺ የተማርሽ ነሽ። መጽሐፉ በየትኛው ይታተም? በነጩ ወይስ በዚያ ቢጫ?"

ቢጫ ያሉት ጋሽ ላሊሞ ሁልጊዜ የሚሠሩበትን ሻካራ ወረቀት ነው። ጋሽ ላሊሞን መጠየቅ ነበረብኝ። ግን የተጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ ሳላመነታ መልስ መስጠት የምችል ሰው መምሰል አማረኝ። "ለሕዝብ የሚታደል ጽሑፍ ስለሆነ በነጩ ወረቀት ቢታተም ይመረጣል" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ጋሽ ላሊሞ ማስታወሻውን አንብበው ወደ ኮሪደሩ ወሰዱኝ። ከነጩ ጥግ ቀደው ምላሳቸው ላይ አድርገው አወጡት።

"እይ፤ ላዩ ላይ ቆሟል። ቀለሜም እንዲህ ነው የሚቆመው።"

"ጋሽ ላሊሞ፣ ይሄኛው እኮ ጥራት አለው። ያኛው የሱቅ መጠቅለያ ይመስላል።"

"ለደብዳቤ ጥሩ ነው። ለጽሕፈት መኪና ጥሩ ነው። ለኔ ማሽን መጥፎ ነው። ደግሞ ከሲሚንቶው ውሃ ስቧል።" ወደ ጆሮዬ አስጠግተው በአውራ ጣታቸው ሞከሩት። ምንም ድምፅ የለውም። "ሰማሽ?"

ሰምቻለሁ። እውነታቸውን እንደሆነም ገብቶኛል። ግን ፈርሜ ነበር። ኃላፊው ክፍል ተመልሼ "ተሳስቻለሁ፣ ፊርማዬን ይመልሱልኝ" ማለት አፈርኩ። አልፈራሁም፤ አፈርኩ። እስከ ዛሬ ሳስበው ከፍርሃት ይልቅ እሱ ይከፋኛል።

"እንግዲያው አራት ቀን ስጠኝ" አሉ ጋሽ ላሊሞ ለኃላፊው። "አደርቀዋለሁ። በየመካከሉ ቢጫውን እየከተትኩ አንድ በአንድ አትማለሁ።"

ሁለት ቀን ሰጧቸው።

እንግዶቹ በመጡበት ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ያየሁትን አልረሳም። እርጥቡ ወረቀት ሁለት ሁለት እየሆነ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ተጨማዷል። ያልተጨማደደው ላይ ቀለሙ አልደረቀም፤ የአንዱ ገጽ ጽሑፍ በሌላው ጀርባ ላይ ተገልብጦ ታትሟል። በሽፋኑ ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈው መፈክር ጥቁር ጭረት ሆኗል። ጋሽ ላሊሞ ጥቁሩን ፎጣ ይዘው ቆመዋል። ኃላፊው አንዱን ቅጂ በሁለት ጣት አንሥተው አዩት፤ ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረው ቀስ ብለው "ይሄ አሻጥር ነው" አሉ።

ያን ጊዜ ይህች ቃል ሰው ታስወስድ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ አለን። ሠራተኛው በሙሉ አዳራሽ ይሰበሰባል፣ ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል። የዚያን ዓርብ አጀንዳው አንድ ነበር።

"ጓድ ላሊሞ ከየት እንደመጡ እናውቃለን" አለ አንዱ። "የማን ማተሚያ ቤት እንዳሳደጋቸውም እናውቃለን።"

ጋሽ ላሊሞ ተነሡ። "ወረቀቱ አልጠጣም" አሉ። "ተናግሬ ነበር።"

"ለማን?"

ማስታወሻዬን ኪሳቸው ውስጥ እንደያዙት አውቃለሁ፤ ምንም ወረቀት አይጥሉም። አላወጡትም። ወደ እኔም አላዩም፤ እጃቸውን ነበር የሚያዩት። "ተናግሬ ነበር" አሉ እንደገና።

ተነሣሁ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፤ በስብሰባ ላይ ተነሥቼ አላውቅም። "እኔ ነኝ፣ ወረቀቱን..." አልኩ።

"አይሰማም!" አለ ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ። አቶ በዙ ናቸው። ማንም በስብሰባ ላይ ቀስ ብሎ ከተናገረ ሁልጊዜ እንዲህ ይላሉ፤ ልማዳቸው ነው፣ ክፋት የለበትም። ሰው ሳቀ።

"ምን ልትይ ነበር ጓድ ሰናይት?" አሉ ሰብሳቢው።

"ምንም" አልኩና ተቀመጥኩ። ያቺ ቃል ግን እስከ ኋላ ድረስ ተሰማች።

ጋሽ ላሊሞ ለሁለት ቀን ቀበሌ ታስረው ተጠየቁ። ተመልሰው ሲመጡ የማባዣው ክፍል ቁልፍ ተወሰደባቸውና የጥበቃ ካፖርት ተሰጣቸው። ቁልፉን ማንም ስላልፈለገው ለእኔ ተሰጠኝ።

ሰኞ ጠዋት በበሩ ማለፍ ነበረብኝ። መንገድ ዳር ቆሜ ሌላ በር የሌለው ግቢ መሆኑን እያወቅኩ ሌላ በር ፈለግኩ። በመጨረሻ ገባሁ።

"ትናንት ዘንቧል" አሉኝ ከጥበቃው ቤት ሳይወጡ። "ደስጣዎቹን ከግድግዳው አራቅሽ?"

"አላራቅኩም።"

"አርቂ።"

ከዚያ ጀምሮ በየማለዳው እንዲህ ሆነ። ሰላምታ የለም። "መስኮቱን ከስድስት ሰዓት በፊት አትክፈቺ።" "አዲስ የመጣውን ምላስሽ ላይ ሞከርሽው?" "መጠቅለያው ላይ ቀስት አለ፤ ቀስቱ የሚያሳይሽ ፊቱን ነው፣ መጀመሪያ በፊቱ አትሚ።" ዝናብ ባካፋ ቁጥር ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ማባዣው ክፍል ጣሪያ ያያሉ፤ ይቀመጣሉ፤ እንደገና ይነሣሉ። ከበሩ መራቅ አይፈቀድላቸውም። አንድ ቀን ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ከዚያው ሆነው "በስተግራ! በስተግራ ያሉትን አንሺ!" ብለው ሲጮኹ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ አየ።

ይቅርታ ልጠይቃቸው የሞከርኩት አንዴ ብቻ ነው። ካፖርታቸው ከትከሻው ረጥቦ ነበር። "ጋሽ ላሊሞ፣ ያን ጊዜ..." ብዬ ጀመርኩ።

አላስጨረሱኝም። "ተቀይሜሻለሁ" አሉ። "አልዋሽሽም። ቅያሜው ቅያሜ ነው፣ ወረቀቱ ወረቀት ነው። ወረቀቱን የማስተምርሽ ወረቀቱ ምን አደረገ ብዬ ነው።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔ አውቃለሁ። የማያውቁት እነሱ ናቸው።" በአገጫቸው ወደ ቢሮዎቹ አመለከቱ። ከዚያ "ረፈደብሽ፤ ግቢ" አሉኝ።

ዓመታት አለፉ። ብዙ ዓርብ መጣ፣ ብዙ ጊዜ ልነሣ አሰብኩ። በየዓርቡ ሌላ አጀንዳ ነበር። እሳቸውም አንድም ቀን ደግመው አላነሡብኝም፤ ቅያሜው ግን እንዳለ ነው፤ ከበሩ ስገባ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ብቻ፣ አዲስ የመጣ ደስጣ ከፍቼ እንዲያዩልኝ አንድ ወረቀት ለናሙና በር ድረስ ወስጄላቸው፣ ጆሯቸው አጠገብ ፈር ፈር አደረጉት፣ ቀደው ምላሳቸው ላይ አደረጉትና "ኬሬ ነው። ራስሽ መረጥሽው?" አሉኝ። "ራሴ" አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ለቤተሰባቸው "የወረቀቷ ልጅ" እያሉ ስለ እኔ እንደሚያወሩ ያወቅኩት ግን ዛሬ ነው።

ሰዓቴን አየሁ። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው።

የስቴንስል ስህተት የሚታረምበት ቀይ ፈሳሽ አለ፤ እንደ ጥፍር ቀለም ይሸታል። "ከባድ ስህተት" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ቀባሁት። እፍ እያልኩ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ኃላፊው የፈረሙበት ጽሑፍ ነው። ፊርማ ያለበትን ጽሑፍ መቀየር ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ፤ እዚህ ቢሮ ከኔ የበለጠ ጥንቁቅ ሰው የለም ይባላል። ፈሳሹ ሲደርቅ በላዩ ላይ መታሁ፦

"በነጭ ወረቀት የታተመው መጽሐፍ የተበላሸው በእርሳቸው ስህተት አልነበረም። እርሳቸው አስጠንቅቀው ነበር። ወረቀቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ።" ከሥሩም ስሜን ከነአባቴ መታሁ። ከዚያ የቀረውን ረቂቅ መትቼ ጨረስኩ።

እጄን ታጠብኩ፤ በነጩ ፎጣ አደረቅኩ። ነጭ ወረቀትም ነበረኝ። ከርብራቡ ሻካራውን አወረድኩ። በጆሮዬ ሞከርኩት፤ ጮኸ። ምላሴ ላይ አደረግኩት፤ ሰረገ። ማሽኑን ሠላሳ ጊዜ አዞርኩ።

አቶ በዙ በሩን ከፈቱ። "አላለቀም?"

"እየደረቀ ነው።"

መኪናው ውስጥም እጃቸውን ዘረጉ፤ "እስቲ አንዱን ልየው።"

"ቀለሙ ይደርቅ ጋሽ በዙ፤ ይነካዎታል" አልኩ። ውሸት ነበር። በዚያ ወረቀት ላይ ቀለም ገና ከማሽኑ ሳይወጣ ደርቋል። ጋሽ ላሊሞ ቢሰሙኝ በወረቀት ዋሸሽ ብለው ይቆጡ ነበር። እስከ ቱላ ድረስ ሠላሳውን ቅጂ ደረቴ ላይ አቅፌ፣ መኪናው በነጠረ ቁጥር ገና እመለሳለሁ፣ ገና ለአቶ በዙ ሰጥቼ ያንብቡት እላለሁ እያልኩ ሄድኩ።

ቀብሩ በራሳቸው ይዞታ ላይ፣ ከእንሰቱ ጓሮ በታች ነበር። የሰፈሩ ሰው በአንድ በኩል፣ የቢሮው ሰው በሌላው በኩል ቆሟል። ኃላፊው ጥቁር ጃንጥላ ይዘዋል። ማካፋት ጀምሯል። ቅጂዎቹን አደልኩ፤ ሰው ግን እንዳይረጥብበት ሳያነበው እያጠፈ ኪሱ ከተተው። ወይዘሮ ማርታ ከሴቶቹ መካከል አዩኝና በእጃቸው ወደ ፊት አመለከቱኝ።

ማንበብ ጀመርኩ። ትውልዳቸውን፣ ማተሚያ ቤቱን፣ ልጆቻቸውን። ከዚያ ድምፄ እየቀነሰ መጣ። "በእርሳቸው ስህተት አልነበረም" አልኩ። "ወረቀቱን የመረጥኩት..."

"አይሰማም!" አሉ አቶ በዙ ከኋላ።

ማንም አልሳቀም። ዝናቡ የያዝኩት ገጽ ላይ ይንጠባጠባል፤ ጠብታው እየሰረገ ይጠፋል፣ ፊደሉ ንቅንቅ አላለም። ትንፋሼን ሳብኩ።

"የጋሽ ላሊሞ ስህተት አልነበረም!" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። "አስጠንቅቀውኝ ነበር! ወረቀቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ!"

የኃላፊው ጃንጥላ ቀጥ አለ። አቶ በዙ ቅጂውን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉት። በሰፈሩ ሰው በኩል አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ወዳለው ሰው ጎንበስ ብለው ምን አለች ብለው ጠየቁ፤ እሱም በሲዳምኛ ነገራቸው። ሽማግሌው ለሚቀጥለው ነገሩ። እሱም ለሚቀጥለው። ነገሩ ከሰው ወደ ሰው እያለፈ እስከ እንሰቱ ድረስ ሄደ።

መጨረሻው ሰው ጋ እስኪደርስ ጠበቅኩ። ከዚያ ወደሚቀጥለው መስመር አለፍኩ።